የበልግ ነጎድጓድና ከኋላው የሚመጣው ብርድ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከየካቲት እስከ ግንቦት ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ደጋግመው የሚነሡ ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተደርድረዋል።

በልግ የሚባለው የትኛው ጊዜ ነው? ከፀደይ ጋርስ አንድ ነው?

የሚቲዮሮሎጂ ባለሙያዎች ዓመቱን በሦስት ይከፍሉታል፦ በጋ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ በልግ ከየካቲት እስከ ግንቦት፣ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም። በሬዲዮ «የበልግ ትንበያ» ሲባል የሚሰሙት ይህንን ክፍፍል ነው። በቆየው የአገራችን አቆጣጠር ግን ዓመቱ አራት ወቅት አለው፤ ፀደይ የሚባለውም ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ነው። ስለዚህ የካቲት ላይ የጣለ ዝናብ ለትንበያው በልግ ሲሆን፣ በአራቱ ወቅቶች አቆጣጠር ገና በጋ ነው። ክርክሩ የሚነሣው ከዚህ ነው፤ ሁለቱም በየራሳቸው ልክ ናቸው።

ስሙ ምንም ይሁን፣ ለደቡብ ወሎ ደጋ ይህ ዝናብ እንደ ጭማሪ የሚታይ አይደለም። የዓመት ቀለቡን ከበልግ ገብስ የሚያገኝ ገበሬ ብዙ ነውና ትንበያውን በጥሞና መስማት ይገባል።

ደሴና ኮምቦልቻ የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አየራቸው ለምን እንዲህ ይለያያል?

ልዩነቱ ከፍታ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። አየር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀዘቅዛል። በዚህ ሒሳብ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ የገባ ሰው ከኮምቦልቻ 4 ዲግሪ ያህል የቀዘቀዘ አየር ያገኛል፤ ደመና በሌለበት ደረቅ ቀትር ልዩነቱ 6 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል።

ሌላው የደሴው ተራራ ጦሳ ነው። ከምሥራቅ የሚመጣ እርጥብ አየር ተራራው ሲያጋጥመው ወደ ላይ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ደመና ይሆናል። ኮምቦልቻ ጠራርቶ ሳለ ደሴ በጉም የምትሸፈነው ለዚህ ነው። ስለዚህ «ለምሥራቅ አማራ» ተብሎ የተነገረ አንድ ቁጥር ሲሰሙ መጀመሪያ «እኔ ያለሁት ስንት ሜትር ላይ ነው?» ብለው ይጠይቁ። ከዚህ በታች ያለው ምላሽ ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

ነጎድጓዱ ለምን ከሰዓት በኋላ ይበዛል? እህልና በርበሬ መቼ ላስጣ?

ጠዋት ፀሐይ ገደላገደሉንና ሜዳውን ታሞቃለች፤ የሞቀው አየር በተራራው ጥግ ወደ ላይ ይወጣል። ረፋዱ ላይ እንደ ጥጥ የተበተነ ነጭ ደመና ይታያል፣ ወደ 7 ሰዓት ገደማ ጫፉ እየረዘመ ሥሩ ይጠቁራል፣ ከ8 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ያጉረመርማል። ስለዚህ ስጥ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ቢሰጣ ይሻላል፤ ከ7 ሰዓት በኋላ ስጡን ጥሎ ገበያ መሄድ ግን ለዝናብ አሳልፎ መስጠት ነው።

የመጨረሻው ማስጠንቀቂያ ነፋስ ነው። ሞቃቱ አየር ድንገት ተቋርጦ አቧራ የሚያስነሣ ቀዝቃዛ ነፋስ ፊትዎን ከመታ፣ ያ ከነጎድጓዱ ደመና ሥር የወረደ አየር ነው፤ ብዙ ጊዜ ዝናቡ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ውስጥ ይደርሳል። ሌሊት የሚመጣ ነጎድጓድም አለ። እሱ ግን በአብዛኛው የሚመጣው ሰፊ የአየር ሥርዓት አገሩን ሲሸፍን ስለሆነ ከቀኑ ይልቅ ረዘም ያለ ዝናብ ይዞ ይመጣል።

ዝናቡ ካባራ በኋላ ለምን ይበርዳል? ስንት ቀንስ ይቆያል?

ሦስት ነገር ይደራረባል። ዝናቡ ሲወርድ ከላይ ያለውን ቀዝቃዛ አየር ይዞት ይወርዳል፣ ግማሹም በመንገድ ላይ ሲተን የአየሩን ሙቀት ይወስዳል፤ ዝናቡ እንደጀመረ ቆፈኑ የሚይዘን ለዚህ ነው። በማግሥቱ ደግሞ የፀሐይዋ ጉልበት የራሰውን መሬት በማድረቅ ላይ ስለሚውል አየሩን ለማሞቅ የሚተርፈው ትንሽ ነው። ሦስተኛው ከሰሜን፣ ከሜድትራንያን በኩል የሚዘልቅ ቀዝቃዛ የላይ አየር ሲሆን፣ ብርዱን የሚያራዝመው እሱ ነው።

ስንት ቀን እንደሚቆይ ለመገመት የማግሥቱን ጠዋት ይዩ። ሰማዩ ጠርቶ ጦሳ ጥርት ብሎ ከታየ ነጎድጓዱ የሙቀት ብቻ ነበር፤ እስከ ቀትር ወደ ነበረበት ይመለሳል። ቀኑን ሙሉ ግራጫ ሆኖ ከዋለ፣ ካፊያውም ካልተቋረጠ፣ ከ2 እስከ 4 ቀን ብርድ ይጠብቁ። በእነዚያ ቀናት ደሴ ቀትር ላይ እንኳ ጃኬት አይወልቅም፤ ኮምቦልቻ ግን ቀኑ ደስ የሚል ሆኖ ማታው ብቻ ይቀዘቅዛል።

በብርዱ ቀናት ከሰል ቤት ውስጥ ማንደድ ምን ችግር አለው? ጭሱ ካለቀ በኋላስ?

ጭሱ ያለቀ ፍም ነው ይበልጥ የሚያዘናጋው። ከፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በተዘጋ ክፍል ሰው ተኝቶ ሳለ ይገድላል። ምድጃው ውጭ ይቀጣጠል፣ ክፍል ውስጥ ሲገባ መስኮት ቢያንስ አንድ ስንዝር ይከፈት፣ ከመተኛትዎ በፊት ፍሙ እንዳለ ይውጣ። በሩ ሥር ያለውን ክፍተት በጨርቅ ደፍኖ ከሰል ይዞ መተኛት ፈጽሞ አይደረግም።

ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ በአንድ ጊዜ የቤቱን ሰው ሁሉ ከያዘ ጉንፋን ነው ብለው አይተዉት። ወዲያው ሁሉንም ወደ ውጭ አየር አውጥተው ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱ።

መብረቁ ቅርብ መሆኑን በምን አውቃለሁ? ሜዳ ላይ ከያዘኝስ?

ብልጭታውን ሲያዩ መቁጠር ይጀምሩ፣ ነጎድጓዱ ሲሰማ ያቁሙ። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 3 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ 9 ከቆጠሩ መብረቁ 3 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። 30 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ መጠለያ መግቢያ ጊዜው ደርሷል። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ ሳይሞላ ወደ ሜዳ አይውጡ፤ «አባርቷል» ተብሎ የወጣ ሰው ላይ የሚወድቅ መብረቅ አለ።

ግድግዳና ጣሪያው የተሟላ ቤት ወይም መስኮቱ የተዘጋ መኪና ጥሩ መጠለያ ነው። ባጃጅ አይደለም፤ ጎኑ ክፍት፣ ሽፋኑ ሸራ ነው። ብቻውን የቆመ ባሕር ዛፍ፣ የኮረብታ ጫፍ፣ የሽቦ አጥር፣ የመብራት ምሰሶ፣ የውኃ ዳርቻ ሁሉ ይራቁ። ቅርብ ቤት ከሌለ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ወርደው፣ ሁለት እግርዎን ገጥመው ቁጢጥ ይበሉ፤ አይተኙ፣ ምክንያቱም መብረቅ ሲወድቅ በመሬት ላይ ይሰራጫል፣ የተጋደመ ሰውም ሰፊ መንገድ ይሆነዋል። ብዙ ሰው አብሮ ካለ አንዱ ከአንዱ ይራራቅ። ከብት የሚጠብቁ ልጆች ከዛፍ ሥር እንዳይሰበሰቡ አስቀድሞ መንገር የወላጅ ሥራ ነው፤ ዝናቡ ሲመጣ ደመ ነፍስ የሚወስዳቸው ወደዚያው ነውና።

መብረቅ የመታውን ሰው መንካት አያስፈራም፤ ገላው ላይ ኤሌክትሪክ አይቀርም። ካልተነፈሰና የልብ ትርታ ከሌለው ደረቱን በሁለት እጅ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ እየተጫኑ እርዳታ ይጥሩ።

ፍሪጅና ቴሌቪዥን መቼ ልንቀል? መብራት ሲመለስስ?

ነጎድጓዱ ገና ከሩቅ ሲያጉረመርም ይንቀሉ፤ እላይዎ ላይ ከደረሰ ሽቦ አይንኩ። ማብሪያ ማጥፊያውን ማጥፋት አይበቃም፣ ዲቫይደሩ ራሱ ከግድግዳው ይነቀል። ብዙ ሰው የሚረሳው የዲሹን ገመድ ነው፤ ቴሌቪዥኑ ተነቅሎ ሪሲቨሩ በዲሹ ገመድ በኩል ይቃጠላል። እሱንም ከሪሲቨሩ ጀርባ ይፍቱት።

መብራት ሲመለስ መጀመሪያ አንድ አምፖል ብቻ ያብሩ። ብርሃኑ ከልክ በላይ ከደመቀ ወይም ከፈዘዘ በመስመሩ ላይ ችግር አለ፤ ምንም ሳይሰኩ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ያሳውቁ። ደህና ከሆነ 10 ደቂቃ ቆይተው ፍሪጁን ይሰኩ፤ ኮምፕሬሰሩ ውስጥ ያለው ግፊት ሳይረጋ ቢነሣ ሞተሩ ይጎዳል።

ደሴ ላይ በረዶ ከኮምቦልቻ ይልቅ ለምን ይበዛል?

በእኛ ሰማይ ውኃ የሚረጋበት ከፍታ ከባሕር ወለል 4,500 እስከ 5,000 ሜትር አካባቢ ነው። በረዶው ከዚያ በላይ ተሠርቶ ሲወርድ ደሴ ለመድረስ ሞቃት አየር ውስጥ የሚጓዘው ከ2,000 እስከ 2,500 ሜትር ያህል ነው፤ ኮምቦልቻ ለመድረስ ግን ሌላ 650 ሜትር ይጨመርበታል፣ አየሩም እየሞቀ ይሄዳል። ደሴ ላይ ቆርቆሮ የሚደበድበው ፍሬ ኮምቦልቻ ሲደርስ ወፋፍራም የዝናብ ጠብታ ሆኖ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ለዚህ ነው።

አንድ ፍሬ አንሥተው በጣትዎ ይጫኑት። እንደ ጨው ተፈርፍሮ ነጭ ዱቄት ከሆነ ቀላሉ ዓይነት ነው። ካልተፈረፈረ በቢላ ለሁለት ይክፈሉትና ውስጡን ይዩ፤ እንደ ሽንኩርት ነጭና ብርሃን የሚያሳልፍ ሽፋን ተደራርቦ ከታየ፣ ደመናው ውስጥ ያለው ነፋስ ደጋግሞ እያነሣ እያቆየው ነው የጠነከረው። እንዲህ ያለው ቡቃያ ይቆርጣል፣ መስታወት ይሰብራል።

ጣሪያዬ በየበልጉ ያፈሳል፤ አሸንዳውም ይሞላል። የቱን ላስተካክል?

መጀመሪያ ሚስማሩን ይዩ። የቆርቆሮ ሚስማር የሚመታው በማዕበሉ ጀርባ ላይ ነው፤ ሸለቆው ላይ ከተመታ ውኃው የሚፈሰው በእሱ ላይ ስለሆነ ጎሚኒው ባረጀ ቁጥር ያፈሳል። ጎሚኒው የተሰነጠቀውን ሚስማር ነቅለው በአዲስ ይተኩ። ቆርቆሮ ከቆርቆሮ ጎን ለጎን ሲደራረብ ከአንድ ማዕበል ተኩል እስከ ሁለት፣ ከላይ ወደ ታች ሲደራረብ 20 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ነፋስ ቆርቆሮ የሚገነጥለው ከዳር ጀምሮ ነውና በጣሪያው ጠርዝ ያሉ ሚስማሮች ቀረብ ቀረብ ይበሉ፣ ሥሩ ያለው ሞራሌም ያልበሰበሰ ይሁን።

አሸንዳን በተመለከተ ሒሳቡ ይህ ነው፦ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። 60 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ በግማሽ ሰዓት 20 ሚሊ ሜትር ከጣለ 1,200 ሊትር፣ ማለትም በየደቂቃው ባለ 20 ሊትር ሁለት ጀሪካን ይወርዳል። ቅጠል የደፈነው አሸንዳ ይህንን አይችልም፤ ግድግዳው ላይ ይለቀዋል። በረዶ የጣለ ዕለት ደግሞ ፍሬው መውረጃው አፍ ላይ ተከማችቶ ይዘጋዋል፣ ዝናቡ እንዳባራ በእንጨት ይክፈቱት። ውኃውን ማጠራቀም ከፈለጉ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጀሪካን ይድፉ፤ የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ አጥቦ የሚወርደው እሱ ነው።

ሐረጎ ላይ ጉምና ዝናብ ሲገጥመኝ እንዴት ልንዳ?

ረጅም መብራት አያብሩ፤ ብርሃኑ ከጉሙ ተመልሶ ዓይንዎን ይመታል። አጭር መብራትና ካለ የጉም መብራት ይበቃል። ቁልቁለቱን በፍሬን ሳይሆን በማርሽ ይያዙ፦ ሽቅብ ለመውጣት በሚጠቀሙበት ማርሽ ይውረዱ። ፍሬን ተረግጦ ሲቆይ ይግልና መያዙን ያቆማል።

ከረጅም ደረቅ ጊዜ በኋላ የሚጥለው የመጀመሪያው ዝናብ ከሁሉም ይከፋል። አስፋልቱ ላይ የተጠራቀመ ዘይትና አቧራ ከውኃው ጋር ተለውሶ እንደ ሳሙና ያዳልጣል፤ ጠርጎ እስኪወስደው ድረስ ግማሽ ሰዓት ቢቆሙ ይሻላል። ሲቆሙም ከገደል ሥር አይሁን፣ ዝናብ ድንጋይ ያንከባልላል።

ኮምቦልቻ ሳይዘንብ ቦርከና እንዴት ይሞላል?

ቦርከና ውኃውን የሚሰበስበው ከላይ፣ ከደሴና ከአካባቢው ተራሮች ነው። ደሴ ላይ ዶፍ ከጣለ ኮምቦልቻ ፀሐይ እየወጣም ደራሽ ጎርፍ ይመጣል። ወደ ደሴ አቅጣጫ ሰማዩ ከጠቆረ፣ ጠርቶ ይወርድ የነበረው ውኃ ድንገት ከደፈረሰ፣ ጭራሮና ገለባ መግፋት ከጀመረ፣ ልብስ የሚያጥቡም ሆኑ አሸዋ የሚያወጡ ሰዎች ዕቃ ሳይሰበስቡ ወዲያው ዳር ይውጡ። 15 ሴንቲ ሜትር የሚሮጥ ውኃ ሰው ይጥላል፤ 30 ሴንቲ ሜትሩ ትንሽ መኪና ሊያንሳፍፍ ይችላል።

ስልኬ «60 በመቶ ዝናብ» ብሎ ሳይዘንብ ቀረ። ትንበያው ተሳስቷል?

አልተሳሳተም። 60 በመቶ ማለት እንዲህ ያለ አየር በታየባቸው 10 ቀናት 6ቱ ይዘንባሉ፣ 4ቱ አይዘንቡም ማለት ነው። ዝናቡ የቀኑን 60 በመቶ ይቆያል ማለትም አይደለም። ሌላው ችግር ስልኩ የሚያነብበው የዓለም አቀፍ ስሌት አገሩን ከ9 እስከ 25 ኪሎ ሜትር ስፋት ባላቸው ሣጥኖች ከፋፍሎ የሚያይ መሆኑ ነው። አንዱ ሣጥን ደሴንና ሐረጎን ጠቅልሎ ቢይዝ የሚሰጠው ሙቀት ለሁለቱም የማይሆን አማካይ ነው።

የኢትዮጵያ ሚቲዮሮሎጂ ኢንስቲትዩት የወቅት ትንበያም በዕድል የሚነበብ ነው፤ «ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች» ብሎ ለሦስት ይከፍለዋል። ምንም ፍንጭ ባይኖር ለእያንዳንዱ 33 በመቶ ይደርሰው ነበር። «ከመደበኛ በላይ 45 በመቶ» ሲባል ሚዛኑ ወደ እርጥቡ አዘነበለ ማለት ነው፤ ለማን ቀበሌ በስንት ሰዓት እንደሚዘንብ አይነግርም። ለዕለት ሥራ የ3 ቀኑን፣ ለዘር የ10 ቀኑን፣ ለዘር ዓይነት ምርጫ የወቅቱን ይከታተሉ።

የመጀመሪያው ነጎድጓድ ጥሎ ሄደ። ልዝራ ወይስ ልጠብቅ?

አንድ ዶፍ አያታልልዎ። ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙበት መለኪያ በሦስት ተከታታይ ቀናት 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ መጣሉና ከዚያ በኋላ ባለው አንድ ወር ውስጥ ረጅም ደረቅ ጊዜ አለመኖሩ ነው። ሁለተኛውን ማንም አስቀድሞ በእርግጠኝነት ስለማያውቅ የ10 ቀኑን ትንበያ ይስሙ፣ አፈሩንም በእጅዎ ይፈትሹ። አንድ ስንዝር ያህል ቆፍረው ከሥር ያለውን አፈር ጨብጡት፤ ድቡልቡል ሆኖ ከቆየና በአውራ ጣት ሲነካ ከተፈረፈረ ለዘር ደርሷል። ጭብጡ ካልያዘ የራሰው ላዩ ብቻ ነው። እጅ ላይ እንደ ሊጥ ከተጣበቀ ደግሞ ቦይ አውጥተው ይጠብቁ።

በረዶ ቡቃያውን ቢቆርጠው ወዲያው አይገልብጡት። ገብስና ስንዴ አገዳ እስኪያወጡ ድረስ የሚያድጉበት ነጥብ አፈር ውስጥ ነው፤ ከ7 እስከ 10 ቀን ቢጠብቁ ከመሐል አዲስ አረንጓዴ ቅጠል ሊወጣ ይችላል። ማሾ ግን እንዲህ አይደለም፤ ከመጀመሪያ ቅጠሎቹ በታች ከተሰበረ አያገግምም። በቃሉ ወረዳ ቆላ እንዲህ ከሆነ ማሾ ቶሎ የሚደርስ ሰብል ነውና ጊዜው ሳያልፍ እንደገና መዝራት ያዋጣል።

«ኤልኒኖ መጥቷል» ሲባል በልጉ ይጠፋል ማለት ነው?

አይደለም። ኤልኒኖ፣ ማለትም በምድር ወገብ ያለው የፓሲፊክ ውቅያኖስ ውኃ ከወትሮው መሞቁ፣ በይበልጥ የሚጎዳው ክረምታችንን ነው፤ ለበልግ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ይረዳል፣ ላኒና (የዚያው ውኃ ከወትሮው መቀዝቀዝ) ግን በልጉን ያሳሳል። በደቡብ ምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ አውሎ ነፋስ ሲበዛም እርጥበቱን ወደዚያ ስለሚስብ በልጋችን ይደርቃል። ሆኖም በስሙ ብቻ አይታቀድም፦ በ2007 ዓ.ም. ኤልኒኖ እየጎለበተ ሳለ በልጉም ዘግይቶና ሳስቶ ነበር፣ ክረምቱም ተከትሎ ከዳ።

ዝናቡ ካባራ ሦስት ቀን ሆኖታል። ከጦሳ ሥር ያለው ቤቴ አሁንም ያሰጋዋል?

አዎ፤ ለደሴ ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው። የከተማዋ ብዙ ሰፈር ከተራራው ተንከባሎ የወረደ አፈርና ድንጋይ ባለበት ተዳፋት ላይ ተሠርቷል። ውኃው በዝግታ ወደ ውስጥ ሰርጎ አፈሩን የሚያከብደውና የሚያላላው ዝናቡ ካለፈ በኋላም ስለሆነ፣ መንሸራተት በጠራ ቀን ሊመጣ ይችላል።

በብርዱ ቀናት ግቢዎን ዞር ዞር ብለው ይመልከቱ። ከቤቱ በላይ መሬቱ እንደ ግማሽ ጨረቃ ከተሰነጠቀ፣ ትናንት ይዘጋ የነበረ በር ዛሬ ከነከሰ፣ የመብራት ምሰሶ ወይም ዛፍ ካዘነበለ፣ ምንጭ ባልነበረበት ውኃ ከፈለቀ መሬቱ መንቀሳቀስ ጀምሯል። ስንጥቁ ዳርና ዳር ሁለት ችካል ተክለው በመካከላቸው ያለውን ርቀት በሜትር ይለኩና ጠዋትና ማታ ያነጻጽሩ። እየሰፋ ከሄደ ሌሊቱን እዚያ አይደሩ፣ ለቀበሌውም ይናገሩ።

ካልሰፋ ስንጥቁን በሸክላ አፈር ጠቅጥቀው ይድፈኑት፣ የአሸንዳውን ውኃ በቱቦ ከቤቱ አርቀው ወደ ሕዝብ ቦይ ይልቀቁ፣ የመጸዳጃ ጉድጓዱም ከተዳፋቱ አናት ላይ አይሁን። ከሁሉም በላይ ግቢ ለማስፋት ብለው የተዳፋቱን ግርጌ አይቁረጡ፤ ከላይ ያለውን ደግፎ የያዘው እሱ ነው፣ የጎረቤት ቤት ጭምር።